የሜይል ሰርቨሬን ሌሊቱን ሙሉ የሚያንኳኳው ማነው?

ጥያቄ፦ ለትንሽ ቢሯችን በፖስትፊክስና በዶቭኮት (ሜይል በሚልክና በሚቀበል፣ የሜይል ሳጥኑንም በሚከፍት ሶፍትዌር) የሚሠራ የሜይል ሰርቨር አለን። ሎጉን (ሰርቨሩ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ፋይል) ስከፍተው «ኦተንቲኬሽን ፌይልድ» (መግባት አልተሳካም) ብቻ ነው። «ኢንፎ»፣ «አድሚን»፣ «ቴስት» በሚሉ የተጠቃሚ ስሞች ለመግባት ይሞክራሉ። ተጠልፈን ይሆን?

መልስ፦ አይዞህ፣ ያየኸው ያልተሳካ ሙከራ ነው። አንተን ብሎ የመጣ ሰው የለም፣ ቦት (በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም) ነው። የሚያሳስበው ከማታውቀው አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ) የተሳካ ሎግኢን ካገኘህ ነው፤ ያኔ ፓስወርዱን ወዲያው ቀይር።

አሁን ፌይልቱባን የሚባለውን ፕሮግራም ጫን። ሎጉን እያነበበ ደጋግሞ የሚሳሳተውን አይፒ በፋየርዎል ይዘጋል። ግን የፖስትፊክስና የዶቭኮት ጄይሎችን (ማን መቼ እንደሚታገድ የሚወስኑትን ደንቦች) ራስህ ካልከፈትካቸው ዝም ብሎ ነው የሚቀመጠው። ሴቲንጉን ካልነካህ ደግሞ በ10 ደቂቃ ውስጥ 5 ጊዜ የተሳሳተውን ለ10 ደቂቃ ብቻ ያግዳል፣ ይሄ ለእኔ ቀልድ ነው፤ ቢያንስ ወደ አንድ ቀን አሳድገው፣ የሚመላለሱትን «ሪሲዲቭ» የሚባለው ጄይል ለሳምንት ይይዝልሃል፣ ግን እሱንም ራስህ ክፈተው፣ እገዳዎችን የሚቆጥርበትንም ጊዜ ከአንድ ቀን በላይ አስረዝመው። ለውጡን «ጄይል ዶት ሎካል» የሚባል ፋይል ላይ ጻፍ፤ ዋናውን ፋይል ከነካህ አፕዴት ሲመጣ ሊጠፋብህ ይችላል።

የቢሯችሁን አይፒ «ኢግኖርአይፒ» (የማይታገዱ አይፒዎች ዝርዝር) ውስጥ ማስገባት እንዳትረሳ። ሁላችሁም በአንድ አይፒ የምትወጡ ከሆነ፣ አንዱ ስልኩ ላይ የድሮ ፓስወርድ ትቶ ስልኩ በየደቂቃው ሲሞክር ቢሮው በሙሉ ይታገዳል፣ ስድቡም ላንተ ነው።

ፖርት 25 (ሰርቨሮች እርስ በርስ ሜይል የሚቀባበሉበት በር) ላይ ሎግኢን ዝጋ፣ ሠራተኞቹ በ587 ወይም በ465 ይላኩ። አይፒ እየቀያየሩ ቀስ ብለው የሚሞክሩትን ግን ፌይልቱባን ብዙም አይዛቸውም፤ ለእነሱ ረጅም ፓስወርድ ነው መድኃኒቱ።