ሄለን ሱዝማን፦ 36 ዓመት ወይስ 13?

የአፓርታይድን ሥርዓት በፓርላማ ስለተቃወሙት ደቡብ አፍሪካዊት ፖለቲከኛ ስለ ሄለን ሱዝማን ስትጽፍ፣ በፓርላማ የቆዩት 36 ዓመት ነው ወይስ 13 ብለህ ጠይቀሃል። ሁለቱም ልክ ነው፤ የሚቆጥሩት ነገር ይለያያል እንጂ። 36ቱ ሱዝማን በደቡብ አፍሪካ ፓርላማ የቆዩበት ጠቅላላ ዘመን ነው፤ ከ1953 እስከ 1989 እ.ኤ.አ.። 13ቱ ደግሞ ከ1961 እስከ 1974 አፓርታይድን ይቃወም የነበረው የፕሮግሬሲቭ ፓርቲ ብቸኛ ተወካይ ሆነው የተቀመጡበት ነው።

መጀመሪያ የገቡት በዋናው ተቃዋሚ በዩናይትድ ፓርቲ ስም ነው። በ1959 ከጥቂት ባልደረቦቻቸው ጋር ተገንጥለው ፕሮግሬሲቭን መሠረቱ። በ1961ዱ ምርጫ ከሁሉም ወንበሩን ያስጠበቁት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ በጆሃንስበርግ የሆውተን ወንበር።

ለጽሑፍህ ከዓመቱ ይልቅ ሥራቸው ላይ ብትቆይ እመክርሃለሁ። ዋና መሣሪያቸው ጥያቄ ነበር። ስለ እስረኞች፣ ስለ ግርፋት፣ ጥቁሮች በየሄዱበት መታወቂያ ደብተር እንዲይዙ ስለሚያስገድደው ሕግ ሚኒስትሮቹን እየጠየቁ መልሱ በምክር ቤቱ መዝገብ እንዲሰፍር ያደርጉ ነበር። በ1967 ወደ ሮበን ደሴት እስር ቤት ሄደው ማንዴላን ሲያነጋግሩ፣ እጁ ላይ የናዚ ምልክት ስለተነቀሰ ጨካኝ ጠባቂ ሰሙ። ጉዳዩን ይዘው ተሟገቱ፤ ጠባቂውም ከደሴቱ እንዲነሣ ተደረገ። ይህቺን አንዲት ነገር ብቻ ብታስገባ እንኳ ሴትዮዋን በደንብ ታሳያለች።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። እኔም በፊት ስጽፍ «ብቸኛዋ ተቃዋሚ» ብዬ ታርሜያለሁ። ዩናይትድ ፓርቲም በተቃዋሚነት እዚያው ነበር። ልዩነቱ የሚታየው በ1963 ነው፤ ሰውን ያለ ክስ 90 ቀን ለማሰር የሚፈቅደውን ሕግ ዩናይትድ ፓርቲ ሲደግፍ፣ የተቃወሙት ሱዝማን ብቻቸውን ነበሩ። ስለዚህ «ብቸኛዋ የፕሮግሬሲቭ ተወካይ» ብለህ ጻፍ።