የባድሜንተን ውርርድ፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉም ስለ ባድሜንተን ናቸው። አብዛኞቹን የላኩልን ጨዋታውን በኢንተርኔት የሚከታተሉና አልፎ አልፎም ገንዘብ የሚመድቡበት አንባቢያን ስለሆኑ ስለ ሜዳውም ስለ ቲኬቱም አብረን መልሰናል። ጌም የምንለው በተለመደው አቆጣጠር እስከ 21 ነጥብ የሚቆጠረውን የጨዋታ ክፍል ነው፤ ሁለት ጌም ያሸነፈ ጨዋታውን ይወስዳል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የመጀመሪያውን ጌም አሸንፋ ሁለተኛውን እየመራች የነበረች ተጫዋች ተጎድታ ወጣችና ቲኬቴ ተበላ። በሌላ ድርጅት የተጫወተ ጓደኛዬ ግን ገንዘቡ ተመልሶለታል። እንዴት ነው ነገሩ?

መልስ፦ ሁለቱም ድርጅቶች የየራሳቸውን ደንብ ነው የተከተሉት። ተጫዋች ሲያቋርጥ ቲኬቱ ምን እንደሚሆን የሚወስነው አወራራጁ ነው እንጂ የዓለም ባድሜንተን ፌዴሬሽን አይደለም። በብዛት የሚሠራባቸው ደንቦች ሦስት ናቸው። አንዳንዱ ድርጅት ጨዋታው እስከ መጨረሻው ካልተካሄደ ገንዘቡን ይመልሳል። ሌላው አንድ ጌም ካለቀ በኋላ ያቋረጠውን እንደ ተሸናፊ ይቆጥራል። አንድ ነጥብ ብቻ ከተቆጠረ በቂ ነው የሚልም አለ።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ በፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ የሴቶች ነጠላ ግማሽ ፍጻሜ በደንብ ይታያል። የስፔኗ ካሮሊና ማሪን ቻይናዊቷን ሄ ቢንግጃኦን የመጀመሪያውን ጌም 21 ለ 14 አሸንፋ፣ በሁለተኛውም እየመራች ሳለ ጉልበቷ ተጎዳ። ልትቀጥል ሞከረች፤ አልሆነላትም፤ 10 ለ 8 እየመራች አቋረጠች። በመጀመሪያው ደንብ በማሪን ላይ የመደበ ሰው ገንዘቡ ይመለስለታል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ግን ተበላ፤ በሄ ላይ የመደበው ይከፈለዋል። "የመጀመሪያ ጌም አሸናፊ" በሚለው ላይ የተጫወተ ግን ጌሙ ቀድሞ ስላለቀ በአብዛኛው ድርጅት ዘንድ ውጤቱ ይጸናለታል።

ስለዚህ ገንዘብ ከማስገባትዎ በፊት የድርጅቱን የውርርድ ደንብ ይክፈቱና ባድሜንተን በሚለው ሥር ስለ ማቋረጥ የተጻፈውን ያንብቡ። የቴኒሱን ደንብ አይተው ያው ነው ብለው እንዳይተዉት። ጉዳዩ የሚያሳስበው ደግሞ ማቋረጥ በባድሜንተን ብርቅ ስላልሆነ ነው፤ ወደ መረቡ በረጅም እርምጃ ወርዶ መመለስ፣ ዘልሎ መምታትና በአንድ እግር ማረፍ ጉልበትንና ቁርጭምጭሚትን ይጎዳል። በዚያ ላይ ከፍተኛ ደረጃ ያላቸው ተጫዋቾች በትልልቆቹ ውድድሮች የመሳተፍ ግዴታ ስላለባቸው ሙሉ በሙሉ ሳያገግሙ የሚገቡበት ጊዜ አለ። ባለፈው ሳምንት ያቋረጠ ተጫዋች በዚህ ሳምንት ድልድል ውስጥ ካዩት፣ የመጀመሪያ ዙር ጨዋታውን ሳያዩ አይመድቡበት።

ጥያቄ፦ ውድድሩ በዛብኝ። በየሳምንቱ "ሱፐር" የሚል ስም አያለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የዓለም ቱር ውድድሮች በደረጃ ተከፋፍለዋል፦ ሱፐር 1000፣ 750፣ 500፣ 300 እና 100። አሸናፊው እንደ ቅደም ተከተላቸው 12,000፣ 11,000፣ 9,200፣ 7,000 እና 5,500 የዓለም ደረጃ ነጥብ ያገኛል። የማሌዥያ ኦፕን፣ የኦል ኢንግላንድ፣ የኢንዶኔዥያ ኦፕንና የቻይና ኦፕን ሱፐር 1000 ናቸው። ለጀማሪ እነዚህ ይበቃሉ፤ ሁሉም ታላላቅ ተጫዋቾች ይገኙባቸዋል፣ የምስል ስርጭቱም የተሟላ ነው።

የተለመደው ሳምንት ማክሰኞ ተጀምሮ እሑድ በፍጻሜ ያበቃል፤ ዓርብ ሩብ ፍጻሜ፣ ቅዳሜ ግማሽ ፍጻሜ ነው። የዕለቱ የጨዋታ ቅደም ተከተል ዋዜማውን ይወጣል። ሰዓት የሚጻፈው ግን በዋናነት ለመጀመሪያው ጨዋታ ነው፤ የሚቀጥሉት በፊታቸው ያለው ሲያልቅ ይገባሉ። አንድ የነጠላ ጨዋታ ግማሽ ሰዓትም ከአንድ ሰዓት በላይም ሊፈጅ ስለሚችል፣ የሚጠብቁት ጨዋታ በተባለው ሰዓት ካልጀመረ ተሰርዟል ብለው አይደምድሙ። በዚያው ሜዳ ላይ የትኛው ጨዋታ እንደደረሰ የፌዴሬሽኑ የቀጥታ ውጤት ገጽ ላይ ይመልከቱ።

የዓለም ደረጃው በ52 ሳምንት ውስጥ ከተገኙት ውጤቶች ምርጥ አሥሩን ደምሮ በየማክሰኞው ይወጣል። ወደ ኋላ የሚያይ ቁጥር መሆኑን አይርሱ። ለወራት ተጎድቶ የተመለሰ ጎበዝ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ከስምንት ወር በፊት ሁለት ዋንጫ ወስዶ አሁን የደከመ ደግሞ ከላይ ይቀመጣል። በ32 ተጫዋቾች ድልድል ውስጥ በደረጃቸው ምክንያት መጀመሪያ ላይ እርስ በርስ እንዳይገናኙ ተለይተው የሚመደቡት ስምንት ብቻ ስለሆኑ፣ እንዲህ ያለው ከጉዳት የተመለሰ ተጫዋች በመጀመሪያው ዙር ከታላላቆቹ ጋር ሊገናኝ ይችላል።

ጥያቄ፦ ኦዱ 1.25 የሆኑ አምስት ጨዋታዎችን በአንድ ቲኬት እቆርጣለሁ። ሁሉም ተመራጮች ናቸው፣ ግን ሁልጊዜ አንዱ ያበላሽብኛል። መፍትሔ አለው?

መልስ፦ የሚያበላሽብዎት ሒሳቡ ነው። ኦድ ማለት ቢያሸንፉ የመደቡት ገንዘብ የሚባዛበት ቁጥር ነው። ኦዱ 1.25 ማለት 1ን ለ1.25 ሲያካፍሉ 80 በመቶ ማለት ነው። የተጋጣሚው ኦድ 3.75 ከሆነ እሱ ደግሞ 26.7 በመቶ ይሆናል። ሲደመሩ 106.7 ይመጣሉ። ከመቶ በላይ ያለው የድርጅቱ ድርሻ ነው። ያን አውጥተን ስናሰላ ተመራጩ፣ ማለትም ያሸንፋል ተብሎ የሚጠበቀው፣ የማሸነፍ ዕድሉ 75 በመቶ ገደማ ነው።

አምስቱም አብረው የማሸነፍ ዕድላቸው 0.75 አምስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ነው፤ 24 በመቶ አይሞላም። ቲኬቱ ቢሳካ የሚከፍለው 3.05 እጥፍ ነው። ስለዚህ በረጅም ጊዜ ከመደቡት 100 ውስጥ የሚመለስልዎት 72 ገደማ ነው። እነዚያኑ ጨዋታዎች አንድ በአንድ ቢጫወቱ ከ100 ወደ 94 ይመለሳል። የድርጅቱ ድርሻ በእያንዳንዱ ጨዋታ ይባዛል፤ የጥርቅም ቲኬት በማስታወቂያ ሁሉ የሚሞገሰው ለዚህ ነው። ነጠላ ቲኬትም ቢሆን ትርፍ አያረጋግጥም፤ ኪሳራውን ያዘገየዋል እንጂ። እኛ የምንመክረው፦ ቢጠፋ የማይጎዳዎትን ገንዘብ ለይተው ያስቀምጡ፣ በአንድ ጨዋታ ከዚያ ውስጥ ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ይመድቡ።

ተመራጭ ለምን ብዙ ጊዜ እንደሚያሸንፍም ማወቅ ይጠቅማል። እያንዳንዱን ነጥብ 55 በመቶ የማግኘት ዕድል ያለው ተጫዋች፣ እስከ 21 በሚቆጠር ጌም የማሸነፍ ዕድሉ ወደ 74 በመቶ፣ በሦስት ጌም ጨዋታ ደግሞ ወደ 83 በመቶ ይወጣል። 52 በመቶ ከሆነ ግን ጨዋታውን የማሸነፍ ዕድሉ 65 በመቶ አካባቢ ነው። በነጥብ ላይ የሦስት በመቶ ልዩነት በጨዋታው ላይ 18 በመቶ ሆነ ማለት ነው። የትናንቱን ውጤት ብቻ አይቶ ይህን ቀጭን ልዩነት መለየት አይቻልም፤ ጨዋታውን ማየት ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ላይቭ ስጫወት ኦዱ ከማየው ነጥብ ይቀድማል። ደግሞ የመጀመሪያውን ጌም በሰፊው ያሸነፈ ተጫዋች በሁለተኛው ድንገት ይወድቃል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው መዘግየት ነው። ዋና ዳኛው ነጥቡን በመሣሪያው ሲመዘግብ ቁጥሩ ወዲያው ይተላለፋል፤ ምስሉ ግን ዘግይቶ ይደርሳል። የቀጥታ ውጤት ገጹንና ምስሉን ጎን ለጎን ከፍተው ቁጥሩ ከተቀየረ ስንት ሰከንድ በኋላ ሸትሉ (ላባ ያለው የባድሜንተን ኳስ) ሲወድቅ እንደሚያዩ ይቁጠሩ። 20 ሰከንድ ከሆነ አንድ ነጥብ ያህል ወደ ኋላ ቀርተዋል። በነጥብ መካከል መወራረድን ይተዉት። አንዱ ወገን 11 ሲሞላ የ60 ሰከንድ፣ በጌሞች መካከል የ2 ደቂቃ ዕረፍት አለ፤ መዘግየቱ ብዙም የማይጎዳዎት ያኔ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የአዳራሹ አየር ነው፤ ብዙ ተወራራጅ የማያየውም ይህንን ነው። ሸትል 16 ላባ ያለው፣ ክብደቱ ከ4.74 እስከ 5.50 ግራም የሆነ ቀላል ነገር ስለሆነ ከማቀዝቀዣው የሚወጣው አየር ይገፋዋል። በትልልቅ አዳራሾች አንዱ የሜዳ ወገን ከሌላው ይለያል። አየሩ ከጀርባው የሚነፍስበት ተጫዋች ከፍ አድርጎ የሚመታው ኳስ ከኋላ መስመር ያልፍበታል፤ ሲጠነቀቅ ደግሞ አጥሮ ይቀርና ይመታበታል። አየሩ ከፊቱ የሚመጣበት ግን ጉልበቱን ሳይቆጥብ ይመታል፤ ሸትሉ ሜዳው ውስጥ ይወርድለታል።

ለማወቅ የሚከተለውን ያድርጉ። ከኋላ መስመር ያለፉትን ኳሶች በተጫዋቹ ስም ሳይሆን በተመቱበት ወገን ይቁጠሩ። በመጀመሪያው ጌም ከካሜራው በኩል የተመቱ አምስት ኳሶች ወጥተው ከማዶ አንድ ብቻ ከወጣ፣ ተጫዋቾቹ ወገን ሲለዋወጡም ስሕተቱ ከካሜራው በኩል መሆኑን ከቀጠለ፣ ጥፋቱ የአየሩ ነው። ያኔ የመጀመሪያው ጌም 21 ለ 12 ቢያልቅም አሸናፊው የዚያን ያህል ይበልጣል ማለት አይደለም። በሦስተኛው ጌም ወደ መጀመሪያው ወገናቸው ይመለሱና አንዱ 11 ሲሞላ እንደገና ይቀያየራሉ። በመልካሙ ወገን ተጫውቶ 11 ለ 9 እየመራ ወደ ክፉው የሚሻገር ተጫዋች መሪነቱ ስስ ነው፤ በክፉው ወገን 11 ለ 10 የመራ ግን እጅግ ተመችቶታል። ይህ በሁሉም አዳራሽ አይሠራም፤ አየሩ የተረጋጋ ከሆነ የለም ብሎ ማለፍ ነው።

ጥያቄ፦ "ከ78.5 ነጥብ በላይ" እና "ሃንዲካፕ −3.5" የሚሉት ግራ ያጋቡኛል።

መልስ፦ "ከ78.5 በላይ" የሚቆጥረው ሁለቱ ተጫዋቾች በጨዋታው ሁሉ ያስቆጠሩትን ነጥብ ድምር ነው። ሁለት ጌም ብቻ ከተካሄደና 20 እኩል ካልሆኑ (እኩል ከሆኑ ጌሙ ከ21 ያልፋል)፣ ሁለቱም ጌሞች 21 ለ 19 ቢያልቁ እንኳ ድምሩ 80 ነው። 78.5 እንዲታለፍ ከሞላ ጎደል ሦስተኛ ጌም ያስፈልጋል። ስለዚህ "ከ78.5 በላይ" ማለት በተግባር "ወደ ሦስተኛ ጌም ይሄዳል" ማለት ነው። ሁለቱም ምርጫዎች ካሉ ኦዳቸውን አወዳድረው የተሻለውን ይውሰዱ።

ሃንዲካፕ የሚቆጥረው የጠቅላላ ነጥብ ልዩነትን ነው፤ −3.5 ማለት ከተጫዋቹ ጠቅላላ ነጥብ 3.5 ተቀንሶም መብለጥ አለበት ማለት ነው። 21 ለ 19፣ 15 ለ 21፣ 21 ለ 18 ያሸነፈ ተጫዋች ያስቆጠረው 57 ሲሆን ተሸናፊው 58 አለው። ጨዋታውን አሸንፎም ሃንዲካፑን ያስበላል። በ−3.5 የሚጫወት ሰው ተጫዋቹ በሁለት ጌም እንደሚጨርስ ማመን አለበት።

ጥያቄ፦ በቴሌግራም "የተሸጠ የባድሜንተን ጨዋታ" እያለ ውጤት የሚሸጥ ሰው ሦስት ጊዜ ተከታትዬው ሦስቱንም አገኘ። ልክፈለው?

መልስ፦ አይክፈሉ። አሠራሩ ቀላል ነው። ለ800 ሰው መልእክት ይላካል፤ ለግማሹ አንዱ ያሸንፋል፣ ለግማሹ ሌላው ያሸንፋል ይባላል። ትክክለኛው የደረሳቸው 400 ሰዎች እንደገና ለሁለት ይከፈላሉ፣ ከዚያ 200፣ ከዚያ 100። እርስዎ ከመጨረሻዎቹ 100 አንዱ ነዎት። የተቀሩት 700 መሳሳቱን አይተዋል፤ እርስዎ ግን አያውቋቸውም።

ጨዋታ መሸጥ በባድሜንተን ታይቶ አያውቅም ማለታችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለት ማሌዥያውያን የ20 እና የ15 ዓመት እገዳ ተጥሎባቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2021 ስምንት ኢንዶኔዥያውያን ሲቀጡ ሦስቱ ለዕድሜ ልክ ታግደዋል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ምሥጢር በእጁ ያለ ሰው ለማያውቀው ሕዝብ አይሸጠውም፤ ብዙ ገንዘብ በአንድ ወገን ሲፈስ ኦዱ ይወድቃል፣ ድርጅቱም ጨዋታውን ይዘጋል።

ጥያቄ፦ ታላቅ ወንድሜ ደመወዙን በላይቭ ውርርድ ይጨርሳል፣ አሁን ተበድሯል። "እጥፍ እያደረግሁ አስመልሳለሁ" ይላል። እህቱ ነኝ፤ ምን ልበለው?

መልስ፦ እህታችን፣ ስለ እጥፉ ሒሳቡን በወረቀት ያሳዩት። በ1 ጀምሮ እያጠፈ ሰባት ጊዜ ቢበላ 127 አጥቷል፤ ስምንተኛው 128 ይጠይቃል፣ ቢያሸንፍ እንኳ ጠቅላላ ትርፉ 1 ብቻ ነው። ዕድሉ እኩል በሆነ ጨዋታ እንኳ በ100 ውርርድ ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ስድስት በተከታታይ የመበላት ዕድል ከግማሽ ይበልጣል።

በተበላ ማግስት ሳይሆን በረጋበት ሰዓት፣ ለብቻው ያነጋግሩት። ዕዳውን ለመክፈል ካሰቡ ለአበዳሪው በቀጥታ ይክፈሉ፤ በእጁ አይስጡት። ባሉት አካውንቶች ሁሉ ራሱን እንዲያግድ ይጠይቁት፤ አንዱን ብቻ መዝጋት ወደ ሌላው ይመራዋል። ደመወዙ የሚገባበትን ሒሳብ ከውርርድ መተግበሪያዎቹ ያለያዩለት። እንቅልፍ ካጣ፣ ገንዘብ ከደበቀ ወይም ስለ ሕይወቱ ተስፋ የመቁረጥ ነገር ከተናገረ ሳይውል ሳያድር የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ አብረውት ይሂዱ።

ጥያቄ፦ በ21 ፋንታ እስከ 15 የሚቆጠርበት ጨዋታ አየሁ። ለውርርድ ምን ይለውጣል?

መልስ፦ ሦስት ጌም በ15 ነጥብ የሚለው አቆጣጠር በተለያዩ ውድድሮች ተሞክሯል። ጌሙ ሲያጥር ደካማው ወገን የማሸነፍ ዕድሉ ከፍ ይላል፤ ነጥቡን 55 በመቶ የሚያገኘው ተጫዋች ጨዋታውን የማሸነፍ ዕድሉ ከ83 ወደ 79 በመቶ ገደማ ይወርዳል። የጠቅላላ ነጥቡ መስመርም ይቀየራል፤ 14 እኩል ሳይሆኑ በሁለት ጌም ያለቀ ጨዋታ ከ56 ነጥብ አያልፍም። የቆዩ ውጤቶችን ከአዲሱ ጋር ከማወዳደርዎ በፊት የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ከውድድሩ ደንብ ያረጋግጡ።