የእጅ ካርድ ጥያቄዎቻችሁ፦ የሚደበዝዝ ማህተም፣ የማይቆርጥ ዳይ

በማህተምና በዳይ (ወረቀትን በቅርጽ በሚቆርጥ ስለታም ብረት) ካርድ ስለመሥራት የላካችሁልኝን ጥያቄዎች አንብቤያለሁ፣ ሁሉንም ማስተናገድ ስለማይቻል ብዙ ሰው የጠየቃቸውን መርጫለሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል፣ አብዛኞቻችሁ ጥፋቱን ማህተሙ ላይ ወይ ማሽኑ ላይ ነው የምትጥሉት፣ እኔ ሳየው ግን የብዙዎቹ መልስ ወረቀቱ ጋ ነው ያለው፣ ስለዚህ አዲስ ዕቃ ለመግዛት ከመሮጣችሁ በፊት እስቲ የያዛችሁትን ወረቀት ዳሰስ አድርጉት።

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ፣ አዲስ ክሊር (ብርሃን የሚያሳልፍ) ማህተም ገዝቼ ቀለም ሳስነካው ቀለሙ ጠብታ ጠብታ እየሆነ ይሰበሰባል፣ ወረቀት ላይ ሳሳርፈው ደግሞ መሃሉ ባዶ ይቀራል። ጠንከር አድርጌ ስጫነው ዳር ዳሩ ይለቀለቃል። ማህተሙ ፎርጂድ ነው ወይስ ችግሩ እኔ ጋ ነው?

መልስ፦ ማህተሙም ደህና ነው አንቺም ደህና ነሽ። ክሊር ማህተም ባብዛኛው የሚሠራው ፎቶፖሊመር ከሚባል ፕላስቲክ ነው፣ አዲስ ሲሆን ፊቱ ላይ የሚያንሸራትት ስስ ነገር ይኖረዋል፣ ቀለሙ የሚሰበሰበው ለዛ ነው። ነጭ ላጲስ ያዢና ፊቱን ቀስ ብለሽ አሸት አሸት አድርጊው፣ ማብረቅረቁ ፈዘዝ ሲል በቃው ማለት ነው፣ ከዛ ቁራጭ ወረቀት ላይ ሁለት ሦስቴ ሞክሪውና ወደ ዋናው ሂጂ። ቀለም ስታስነኪው ማህተሙን ፓዱ (ቀለም የጠጣው መንከሪያ) ላይ አትድፈቂው፣ ማህተሙን ገልብጠሽ ፓዱን በላዩ ላይ ቀለል እያደረግሽ ደጋግመሽ ጠቅ ጠቅ አድርጊው፣ እንደዛ ሲሆን ቀለሙ ፊቱ ላይ ብቻ ይቀራል ጎድጓዳው ውስጥ አይገባም። ዳር ዳሩ የሚለቀለቀው ወይ ቀለም ስለበዛ ነው ወይ ስትጫኚ ስለምታወዛውዢው ነው፣ ቀጥ አድርገሽ ጫኚ ቀጥ አድርገሽ አንሺ።

የጎማው ማህተም አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባው ፎም የሚሉት ስፖንጅ አለው፣ ክሊሩ ግን የሚለጠፈው አክሪሊክ የሚባል ደረቅ ፕላስቲክ ላይ ስለሆነ ጠረጴዛው ትንሽ ጎድጎድ ካለ መሃሉ አይነካም፣ ከወረቀቱ ሥር ስስ ፎም ወይ ጥቂት ወረቀት ደርበሽ አንጥፊ። ይሄን ሁሉ አድርገሽም ባዶ ከቀረ ወረቀትሽ ሸካራ ነው፣ ቀለሙ ጉብታው ላይ ብቻ ነው የሚያርፈው፣ ለማህተም ለስላሳውን ምረጪ። ስትጨርሺ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው። ቀለም ነክሶት መልኩ ቢቀየር አያሳስብሽ፣ ፀሐይ ላይ ግን አትተዪው ይበላሻል።

ጥያቄ፦ ጥቁር ማህተም መትቼ አበባውን በውሃ ቀለም ልቀባ ስል ጥቁሩ ከውሃው ጋር ሄደ፣ በዚሁ ጥቁር ጓደኛዬ አትማ በአልኮል ማርከር ስትቀባ ግን ንቅንቅ አይልም። ምንድነው ነገሩ?

መልስ፦ ወንድሜ የጓደኛህ ጥቁር አልኮል አያሟሟውም ውሃ ግን ያሟሟዋል፣ በቃ ነገሩ ይሄ ነው። የማህተም ቀለም ባብዛኛው ሁለት ዓይነት ነው፣ አንዱ ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ቶሎ የሚደርቅ ሌላው ፒግመንት የሚባለው ወረቀቱ ላይ ተኝቶ ቀስ ብሎ የሚደርቅ፣ ግን ከዚህም በላይ ፓዱ ላይ የተጻፈውን አንብብ፣ ውሃ የማያስለቅቀው ከሆነ ይጽፉታል። ለውሃ ቀለም እንደዛ ያለውን ፈልግ፣ ወረቀቱም ለውሃ ቀለም የተሠራ ወደ 300 ግራም የሆነ ይሁን (የወረቀት ግራም በካሬ ሜትር ነው የሚለካው)፣ ስስ ወረቀት ውሃ ሲጠጣ ይጨማደዳል።

ካላገኘህ እኔ በጣም የምወደውን ልንገርህ፣ በኢምቦሲንግ ዱቄት፣ ማለትም ሲሞቅ ቀልጦ ጉብ ያለ መስመር በሚሠራ ዱቄት ሥራው። ቀስ ብሎ በሚደርቀው ፒግመንት ቀለም ታትምና እርጥብ እያለ ዱቄቱን ታፈስበታለህ፣ የተረፈውን ቁራጭ ወረቀት ላይ አራግፈህ ወደ ዕቃው ትመልሳለህ፣ አላስፈላጊ ቦታ የቀረችውን ቅንጣት በደረቅ ቀጭን ብሩሽ ታነሳለህ። ከዛ ሙቀት በሚነፋው ሂት ጋን ታሞቀዋለህ፣ የፀጉር ማድረቂያ አይሆንም ሙቀቱ አይበቃም ንፋሱ ደግሞ ዱቄቱን ይበትነዋል። መሣሪያውን መጀመሪያ ባዶውን አሙቀው፣ ከዛ ከአንድ ጥግ ጀምር። ዱቄቱ መጀመሪያ ደብዛዛና ሻካራ ነው፣ ትንሽ ቆይቶ ያ ጥግ ድንገት ይቀልጥና ያብረቀርቃል፣ እሱን እየተከተልክ መስመር በመስመር ትሄዳለህ። ሁሉም ካብረቀረቀ ወዲያው አንሳው፣ ካለፈ ዱቄቱ ወደ ወረቀቱ ይሰምጥና ውበቱ ይጠፋል። ሲቀዘቅዝ መስመሩ ከፍ ብሎ ይቀራል፣ የውሃ ቀለሙም እሱ ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ ለጀማሪ ትልቅ እርዳታ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለልጅ ልጆቼ ካርድ እሠራለሁ፣ በእጅ የሚዞር የዳይ ማሽንም ልጄ ሰጥታኛለች። ክብም ልብም በደንብ ይቆርጣል፣ ዳንቴል የሚመስለው ዳይ ግን መሃሉ ሳይቆረጥ ይቀርና ሳላቅቀው ይቀደድብኛል። ሲዞርም ይንቋቋል፣ እፈራለሁ።

መልስ፦ አይፍሩ፣ የሚንቋቋው ባብዛኛው ፕሌቱ፣ ማለትም ዳዩንና ወረቀቱን መሃሉ የሚይዘው የፕላስቲክ ሰሌዳ ነው፣ የተለመደ ድምፅ ነው። እጀታው አልዞርም ካለ ግን በጉልበት አያዙሩት፣ ድርድሩ፣ ማለትም የተደራረቡት ፕሌት፣ ዳይና ወረቀት፣ በዝቶበታል ማለት ነው። ማሽኑ ሁለት ሲሊንደር መሃል እያሳለፈ መጭመቅ ብቻ ነው ሥራው፣ ስለዚህ ሁሉም ነገር ያለው ውፍረቱ ላይ ነው፣ ድርድሩም እንደየማሽኑ ስለሚለያይ ከማሽንዎ ጋር የመጣውን ሥዕል ይመልከቱ፣ የዳዩ ስለት ግን ሁልጊዜ ወደ ወረቀቱ ነው የሚዞረው። ፕሌቱ በአንድ ጎን ብቻ ሲሠራበት ይቆለመማል፣ እያገላበጡ ይጠቀሙበት። መሃሉ አሁንም ካልተቆረጠ አንድ ተራ ወረቀት ድርድሩ ላይ ይጨምሩ፣ ዳዩን ደግሞ ትንሽ ሰያፍ አድርገው ያስቀምጡት፣ ረጅሙ ቀጥ ያለ ጠርዝ በአንዴ ሲሊንደሩ ሥር እንዳይገባ። ወደፊትም ወደኋላም ያመላልሱት።

ለዳንቴል ከባድ ወረቀት አይምረጡ፣ ከ160 እስከ 200 ግራም ያለው ይበቃል። በዳዩና በወረቀቱ መሃል ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት ካስገቡ ሳይጎትቱት ይላቀቃል፣ የቀረውን በዳዩ ጀርባ ባሉት ቀዳዳዎች በመርፌ ገፋ ያደርጉታል። ለማጣበቁ ደግሞ ከመቁረጥዎ በፊት ወረቀቱ ጀርባ ሙሉ ሁለት ፊት የሚያጣብቅ ሽፋን ይለጥፉና አብረው ይቁረጡት፣ በቀጭን ዳንቴል ላይ ኮላ ከመቀባት ያድንዎታል። ከዳንቴሉ ሥር ደማቅ ወረቀት ያድርጉ፣ አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ አስተር ሃውላንድ ከ1840ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የፍቅር ካርድ ስትሠራ ከዳንቴል ወረቀት ሥር ባለቀለም ወረቀት ታስገባ ነበር፣ ዛሬም ያው ያምራል።

ጥያቄ፦ ካርዱን ሳጥፈው ማጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል፣ አንዳንዴም ፖስታው ውስጥ አልገባ ይላል።

መልስ፦ ወረቀት የጭረት አቅጣጫ፣ ማለትም ክሮቹ የተኙበት አቅጣጫ አለው፣ ቀስ ብለሽ በሁለቱም አቅጣጫ ስታጎብጪው በአንዱ በኩል ይታዘዛል በሌላው ይገፋሻል፣ በሚታዘዘው በኩል እጠፊው። ከማጠፍሽ በፊት በማስመሪያና በደነዘዘ ነገር መስመር አስምሪበት፣ ጉብ ያለው ጎን ወደ ውስጥ ይሁን። ለካርዱ መሠረት ከ250 እስከ 300 ግራም ጥሩ ነው። ኤ4ን ለሁለት ቆርጠሽ ግማሹን ብታጥፊው 105 በ148 ሚሊሜትር ይሆናል፣ ለሱ ሲ6 የሚባለው 114 በ162 ፖስታ አለ፣ ፎም ቴፕ ደራርበሽ ካወፈርሽው ግን ሰፋ ያለ ውሰጂ።

ጥያቄ፦ በተገዛ ማህተም የሠራሁትን ካርድ መሸጥ ይፈቀድልኛል?

መልስ፦ ሥዕሉ የአምራቹ ስለሆነ የራሱን ደንብ ያወጣል፣ ከመሸጥህ በፊት እሱን አንብብ። ብዙዎቹ በእጅህ አንድ በአንድ ያተምከውን ይፈቅዳሉ፣ ስካን አርገህ ማባዛትን ግን አይፈቅዱም።

ጥያቄ፦ እናቷ ለሞተችባት ጓደኛዬ ካርድ እየሠራሁ ነው፣ የተዘጋጀ ጽሑፍ ያለው ማህተም ውስጡ ልምታ ወይስ ልጻፍ?

መልስ፦ ላዩ ላይ ማህተም ይሁን፣ ውስጡን ግን በእጅሽ ጻፊው የኔ እህት፣ እናቷን የምታስታውሺበት አንድ ነገር ካለ እሱን ጻፊላት፣ ሁለት መስመርም ቢሆን ይበቃል። ጌጡን ቀንሺው፣ ብልጭልጭ ነገር አትጨምሪበት። ካርዱ ጥቁር ወይ ደማቅ ከሆነ ብዕር ስለማይታይ ከካርዱ ትንሽ ያነሰ ነጭ ወረቀት ቁረጪና እሱ ላይ ጻፊ፣ ቀለሙ ሲደርቅ ነው የምትለጥፊው፣ ቃል ብትሳሳቺ እንኳ እሷን ወረቀት ብቻ ነው የምትቀይሪው።