ከጨረታ የመጣው ፒዲፒ-11

ከለገጣፎ አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ አጎቴ ከአንድ ፋብሪካ የዕቃ ጨረታ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር አሮጌ ኮምፒውተር አመጣ። ላዩ ላይ ‹ማይክሮ ፒዲፒ-11› ይላል። ለወፍጮ ቤቱ ሂሳብ መያዣ ይሆናል? ወይስ ለቁራሌው እንስጠው? እስካሁን አልሰካሁትም።»

እንኳን አልሰካኸው! እኔ በወጣትነቴ አንዱን አሮጌ ማሽን ቸኩዬ ሰክቼ፣ ቃሊቲ ያለችው ሱቄ ሦስት ቀን ጭስ ጭስ ስትሸት ሰንብታለች።

ለሂሳብ አይሆንም። እሱን ስልክህ ይሠራዋል። ለቁራሌው ግን እንዳትሰጠው። ፒዲፒ-11 ዲኢሲ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሠራው የኮምፒውተር ዘር ነው፤ የተጀመረውም በ1970 ነው (በፈረንጆቹ)። ዩኒክስ የሚባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም (ኮምፒውተሩን የሚያስተዳድረው ዋና ፕሮግራም) በ1973 በሲ የፕሮግራም ቋንቋ እንደ አዲስ የተጻፈው በዚሁ ዘር ላይ ነበር። ባለ 16 ቢት ነው፣ ማለትም በአንዴ የሚይዘው አሥራ ስድስት ዜሮና አንድ ነው፤ ትእዛዞቹ ጥቂትና ሥርዓት ያላቸው ስለሆኑ በወረቀት ላይ እየጻፍክ ልትከተላቸው ትችላለህ። የኮምፒውተርን ሆድ ዕቃ ማየት ለሚፈልግ ተማሪ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ደግሞ የፋብሪካው የድሮ መረጃ ዲስኩ ውስጥ ሊኖር ይችላል። እሱን ለማንበብ የሚቀናው መንገድ ራሱ ማሽኑ ነው።

ዛሬ ማታ ላፕቶፕህ ላይ ሲምኤች የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫን። ፒዲፒ-11ን አስመስሎ ይሠራል፤ የ1975ቱን ስድስተኛውን የዩኒክስ እትም ታስነሳበታለህ። እዚያ ብትሳሳት የሚቃጠል ነገር የለም።

አሁን ወደ ብረቱ። ከኋላው 120 እና 240 የሚል መቀየሪያ ፈልግ። 240 ላይ መሆን አለበት። እንዲህ ያሉ ፓወር ሰፕላዮች 120 ላይ ሲሆኑ የገባውን ቮልቴጅ እጥፍ ያደርጉታል። በእኛ 220 ከሰካኸው (የሞገዱ ጫፍ ከ300 ቮልት ያልፋል) ካፓሲተሮቹ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ዕቃዎች ላይ ከ600 ቮልት በላይ ይወጣል። ቀሪውን ድምፁ ይነግርሃል። መቀየሪያው ትክክል ቢሆንም ውስጥ ከ300 ቮልት በላይ ስለሚጠራቀም፣ አንዴ ከተሰካ በኋላ ነቅለህ ወዲያው እጅህን አትክተት። ያበጠ ወይም ያፈሰሰ ካፓሲተር ካየህ አትሞክረው፣ ይቀየር።

ቦርዶቹን ከማውጣትህ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳ፣ ቁጥርም ስጣቸው። አንዳንዱ ሲግናል ከቦርድ ወደ ቦርድ በቅብብል ነው የሚያልፈው፣ ቤት ሲመረግ ጭቃ እንደሚቀባበሉት ሰዎች። መሃል ላይ አንድ ቦታ ክፍት ከተውክ ከዚያ ወዲያ ያሉት ሥራ ይፈታሉ።

ቦርዶቹ ወጥተው፣ የዲስኩም የመብራት ገመድ ተነቅሎ፣ ፓወር ሰፕላዩን ለብቻው ፈትን። ባዶውን ግን አታብራው፤ ብዙዎቹ ጭነት ከሌለባቸው በትክክል አይሠሩም። እኔ የመኪና አምፖል ነው የምጠቀመው። ሁለት ባለ 55 ዋት የፊት መብራት አምፖል 5 ቮልቱ ላይ፣ አንድ ባለ 21 ዋት 12 ቮልቱ ላይ። በ5 ቮልት ደብዘዝ ብለው ቢበሩ አትደንግጥ። ኧርዝ ያለው ሶኬት ይሁን። እናንተ ሰፈር መብራት እንደሚዋዥቅ አውቃለሁና ስታቢላይዘር አስገባ። መብራት ሄዶ ከመጣ ደግሞ ቶሎ አታብራው፣ ትንሽ ይረጋጋ። በቴስተር ስትለካ 5 ቮልቱ ከ4.75 እስከ 5.25 ካልሆነ ቦርድ አትመልስ። ፓወር ሰፕላዩን ብቻ ይዘህልኝ ና።

ልኩ ከተስተካከለ ቦርዶቹን በየቦታቸው መልስ፤ ማራገቢያዎቹ ካልዞሩ ወዲያው አጥፋ። ስክሪን ስለሌለው ላፕቶፕህን በሲሪያል፣ ማለትም መረጃን ቢት በቢት በሚያስተላልፍ ገመድ ታገናኘዋለህ፤ ፍጥነቱን በሴኮንድ በ9600 ቢት ጀምር። ሶኬቱ ባለ 9 ፒን ከሆነ የሽቦው አደራደር እንደ ፒሲ አይደለም። ከሱቅ የገዛኸው ኬብል ዝም ካለህ ማሽኑን ከማማትህ በፊት ኬብሉን ጠርጥር።

ዲስኩን መጨረሻ ላይ አገናኘው። ተነስቶ ከዞረ መጀመሪያ ያለውን ሁሉ ወደ ላፕቶፕህ ቅዳ። እስከዚያ ድረስ አንዲት ፊደል እንዳትጽፍበት።