ጨዋታውን ልተወው ወይ ላልከኝ ልጅ

«ጋሼ፣ ደራሲ መሆን ከፈለግኩ ይሄን ጨዋታ መተው አለብኝ?» ብለህ ጠየቅከኝ። ከጡረታ ወዲህ የወጣቶች ረቂቅ ስለማነብ ጥያቄ አላጣም። ይሄኛው ግን እንቅልፍ ነሣኝ። እኔ ደራሲ አይደለሁም፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት በውሃ ምሕንድስና ነው። የምታወራውን ጨዋታ ግን አውቀዋለሁ። እናንተ ሳትወለዱ እዚሁ ባሕር ዳር ተጫውተነዋል።

ለማያውቁት ባጭሩ ልንገራቸው። ጠረጴዛ ከብቦ መቀመጥ ነው። አንዱ ዳኛ ይሆናል። ዓለሙን ይፈጥርና «አሁን ይሄ ሆነ፣ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ሌላው እያንዳንዱ የራሱን ገጸ ባሕሪ ሆኖ ይመልሳል። አጠራጣሪ ነገር ሲመጣ ዳይስ ይጣላል። ከእነዚህ ጨዋታዎች አንዱ፣ ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ፣ አሜሪካ ውስጥ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ከ3 ዓመት በኋላ ደግሞ ትራቬለር የሚባል መጣ፤ እሱ ጠፈር ላይ ነው። የእኛ ትራቬለር ነበር።

በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ አጋማሽ ፖሊ፣ ማለትም ፖሊቴክኒኩ፣ ተማሪ ነበርኩ። ውጭ ተምሮ የተመለሰ አንድ አስተማሪ ዕቃውን ሲያራግፍ ሦስት ትንንሽ ጥቁር መጽሐፎች ለጓደኛችን ሰጠው። ጨዋታው የሚፈልገው ተራ ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ብቻ ነው። ከሰፈር ልጆች ሉዶ ሁለት ዳይስ ተበደርን፤ የመለስንላቸው አይመስለኝም። ሕጉ ጉደኛ ነበር። ገጸ ባሕሪህን ስትሠራ መጀመሪያ ወታደር ወይም ነጋዴ ታደርገውና ለእያንዳንዱ የአራት ዓመት አገልግሎት ዳይስ ትጥላለህ። ዕጣው ከከፋ ጨዋታው ሳይጀመር ይሞታል። አንዱ ጓደኛችን በአንድ ምሽት ስንቱን ቀበረ! ያኔ ጦርነቱ ካበቃ ገና ብዙ አልቆየም። እየሳቅን ድንገት ዝም የምንልበት ጊዜ ነበር።

ከፔዳ፣ ከመምህራን ማሠልጠኛው፣ የምትመጣ አንዲት ልጅ ነበረች፤ ያደገችው ዘጌ ነው። ብዙ አታወራም። መርከብሽን ሥሪ ስትባል ብረት አልፈለገችም፤ ታንኳ አደረገችው። ታንኳ ታውቃላችሁ፣ ደንገል ታስሮ ነው የሚሠራው። ውሎ ሲያድር ውሃ እየጠጣ ይከብዳል። አውጥተው ፀሐይ ላይ ካላቆሙት ይበሰብሳል። የእሷም መርከብ የጠፈር ጨረር እየጠጣች የምትከብድ ሆነች። በየጊዜው ኮከብ አጠገብ ሄዳ መድረቅ አለባት። ዳኛችን ከት ብሎ ሣቀ፣ ከዚያ ፈቀደ።

አንድ ምሽት ሐይቁ ዳር ዋርካው ሥር ተቀምጠናል። ቢንቢው አላስቀምጥ ብሏል። ዳኛው ኬላ አዘጋጅቶልናል፤ ገጽ ሙሉ የተኩስ ዕቅድ ጽፎ መጥቷል። እኛም ለመተኮስ ቸኩለናል። ተራው እሷ ጋ ሲደርስ «አልዋጋም» አለች። «መርከቤ ከብዳለች። ኮከቡ አጠገብ አሰጣትና እጠብቃለሁ።»

«ምን ትጠብቂያለሽ?»

«የኬላው መርከቦችስ ከምን የተሠሩ ናቸው?»

ዳኛው ወረቀቱን አገላበጠ። መልስ የለም። አላሰበበትም። ዝም ብሎ ቆየና «ስምንትና ከዚያ በላይ ጣዪ» አለ። ጣለች። አንዱ ዳይስ ሣሩ ውስጥ ገብቶ በሻማ ፈለግነው፤ አምስትና አራት። «እንግዲህ እነሱም ደንገል ናቸው» አለ በረጅሙ ተንፍሶ። ከዚያ ወዲያ ጠላቶቻችን አንድ በአንድ ሊደርቁ መጡ። ሁሉም ኮከቡ ዳር ጎን ለጎን ተሰጣ። የራሰ መርከብ አይተኩስም፣ ስለዚህ ወሬ ተጀመረ። ስለ ኬላ ጠባቂዎች ደመወዝ ስንከራከር እኩለ ሌሊት ሆነ።

ስንነሣ አንዱ «ይሄ እኮ መጽሐፍ ይወጣዋል» አለ። ማንም አልመለሰለትም። ርቦን ነበር፤ አሳ ለብለብ ፍለጋ ሄድን። ያን ጊዜ ቆሮሶው ከሳህኑ ይተርፍ ነበር፤ እንቦጭ የሚባል ጣጣም አልመጣም። ተመረቅን፣ ተበተንን። መጽሐፎቹም የኮከብ ካርታችንም ከዳኛው ጋር ውጭ አገር ሄዱ። ደብዳቤው ተቆራረጠ።

ዘ ኤክስፓንስ የሚባለውን ተከታታይ የጠፈር ልቦለድ ስትጠቅስልኝ ሆዴን የቆረጠኝ ለዚህ ነው። ያንን ዓለም የፈጠረው ታይ ፍራንክ መጀመሪያ ለኮምፒውተር ጌም ነበር ያሰበው። እሱ አልሳካ ሲል ከጓደኞቹ ጋር በሚጫወተው ጨዋታ አስገባው። ደራሲው ዳንኤል አብርሃም አብሮ ሲጫወት ዓለሙ ተሠርቶ ያለቀ መሆኑን አየና እንጻፈው አለ። ጄምስ ኤስ. ኤ. ኮሪ በሚል የብዕር ስም እ.ኤ.አ. በ2011 የመጀመሪያውን አወጡ፤ ዘጠኝ ልቦለድ ሆነ። እዚያም ጠረጴዛው ላይ አንድ ሰው የእኛኑ ዓረፍተ ነገር ተናገረ። ልዩነቱ የሚሰማው አገኘ።

ጊዜ ይበላል ወይ ላልከው፣ አዎ ይበላል። ደራሲው ጆርጅ አር. አር. ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1983 ሱፐርወርልድ የሚባል ጨዋታ በልደቱ ቀን ተሰጠው። ከዚያ ኒው ሜክሲኮ ካሉ ደራሲ ጓደኞቹ ጋር ሌላ ሥራውን እስኪረሳ ተጫወተ። እንጀራው ጽሕፈት የሆነ ሰው ነው እንግዲህ። ያዳነው ተጫዋቾቹ ራሳቸው ደራሲዎች መሆናቸው ነው። ገጸ ባሕሪዎቹን ይዘው ዋይልድ ካርድስ የሚባለውን ተከታታይ መጽሐፍ ጀመሩ፤ የመጀመሪያው ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1987 ታተመ። ደራሲው ቻርልስ ስትሮስ ደግሞ ገና ወጣት ሳለ ለደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ጭራቅ እየፈጠረ መጽሔት ላይ ያወጣ ነበር። ጊትያንኪ የሚባሉት የእሱ ናቸው፤ ስሙን የወሰደው ከማርቲን ልቦለድ ነው። ልቦለዱ ለጨዋታው፣ ጨዋታው ለልቦለዱ ያበድራል።

ስለዚህ አትተወው። ግን የተጫወትከውን እንዳለ አትገልብጠው። ዳይስ ያመጣው ድል ወረቀት ላይ ሲሰፍር ይሰለቻል፤ ያመጣህልኝ ምዕራፍ ሦስት ችግሩ ያ ነው። ካፒቴንህ ሁሉንም ያሸንፋል፣ የሚቃወመው የለም። ከጨዋታው የሚፈለገው ዕቅድህን የሚያፈርስብህ ሰው ነው። ብቻህን ስትጽፍ «የኬላው መርከቦችስ?» የሚልህ አታገኝም።

ብዙ አንብብ ምናምን አልልህም። አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። አንዳንዶቻችሁ አሁን ገጸ ባሕሪያችሁን ከነታሪኩ ስልካችሁ ላይ በማሽን አስጽፋችሁ ትመጣላችሁ። ያማረ ነው፤ ግን ማንም አልደከመበትምና ሲሞት ማንም አያዝንለትም። ከውጭ የሚመጣ ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ካልተገኘ አንጫወትም የሚሉም አሉ። ቅንጦት ነው።

ደግሞ ማታ ስትገባ ሳትተኛ ማስታወሻ ያዝ። ቅድም አትገልብጥ ብዬ አሁን ጻፍ ማለቴ እንደሚጋጭ ገብቶኛል። ይጋጭ። እኔ ዛሬ የዚያን ምሽት ክርክር ግማሹን አላስታውሰውም።

የመጨረሻው የባለቤትነት ነገር ነው። በዋይልድ ካርድስ የአንድ ገጸ ባሕሪ ባለቤት የፈጠረው ደራሲ ነው፤ ሌላው ሲጠቀምበት ያስፈቅዳል። እናንተም ከመጻፋችሁ በፊት ተነጋገሩ። አብሮ አደግ ጓደኛህ የራሱን ሐሳብ መጽሐፍ ላይ በአንተ ስም ሲያገኘው የሚመጣውን ጣጣ አትችለውም። ያቺ የደንገል መርከብ የእኔ አይደለችም፤ ለዚህ ነው ጽፌያት የማላውቀው። አሁን ለናንተ ያወራሁትም ሳላስፈቅድ ነው። የዘጌዋ ልጅ ይሄን ካነበበች ትቆጣ ይሆናል። ብትቆጣ እሰየው፣ ቢያንስ ትደውላለች።