ለአንድ ሰው ንገር

ለስድስት ዓመት ስጠጣ ማንም ያላወቀብኝ ይመስለኝ ነበር። ባዶ ጠርሙስ እቤቴ ቆሻሻ ውስጥ አልጥልም። በሥራ ጃኬት ጠቅልዬ መኪናው ኋላ አስቀምጥና ከሌሊት ፈረቃ ስመለስ ነዳጅ ማደያ ጋ እጥለዋለሁ። እሑድ ቅዳሴ አልቀርም። እጸልያለሁም፤ ለይምሰል ሳይሆን ከልቤ። ጾም በገባ ቁጥር «ከዛሬ ጀምሮ» ብዬ እሳላለሁ። ስለቱን የምናውቀው እግዚአብሔርና እኔ ነን። ሳፈርሰውም የምናውቀው ያው ሁለታችን ነን። ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው።

ስደት ለሱስ ይመቻል። ብቻህን ትኖራለህ። አገር ቤት ስትደውል «ደህና ነኝ» ነው የምትለው። እዚህ ያለው ሐበሻ ደግሞ እንዳያማህ ትሸሸዋለህ። መጠጥ ብቻ አይደለም፤ የስልክ ቁማሩም፣ ጫቱም፣ የወሲብ ፊልሙም፣ ኪኒኑም የሚያድገው ተደብቆ ነው። (እህቴ፣ «አንተ» እያልኩ ብጽፍም ላንቺም ነው። ባንቺ ላይ ሐሜቱ ስለሚብስ ይበልጥ ትደብቂዋለሽ።)

ያዕቆብ በመልእክቱ 5፥16 ላይ እርስ በርሳችሁ ተናዘዙ፣ አንዱም ለሌላው ይጸልይ፣ ትፈወሱም ዘንድ ይላል። ለብቻህ ጨርሰው አላለም። እ.ኤ.አ. በ1935 ኦሃዮ ውስጥ የተጀመረው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ (ከመጠጥ ለመላቀቅ እርስ በርስ የሚረዳዱ ሰዎች ማኅበር) አሥራ ሁለት እርምጃዎች አሉት። 5ኛው ጥፋትህን ለእግዚአብሔር፣ ለራስህና ለሌላ ሰው ማመን ነው። መጀመሪያ ስሰማው «ይሄማ ንስሐ ነው እኮ!» አልኩ። ስብሰባው በነፃ ነው፤ ብዙ ጊዜም ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ይደረጋል። የአባትህን ስም የሚጠይቅህ የለም።

አንድ ነገር ግን አደራ። በየቀኑ ብዙ የምትጠጣ ከሆነ «ሱባኤ ገብቼ ባንዴ አቆማለሁ» አትበል። የለመደ ሰውነት አልኮል ድንገት ሲቀርበት እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት እንደሚጥል በሽታ ሊጥልህ ይችላል። ከዚያ ወዲያ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት ይመጣል። ሰው ይሞትበታል። አንዳንድ የእንቅልፍና የጭንቀት ኪኒኖችም እንደዚሁ ናቸው። ቤተሰብ ያንን ሲያይ «ጋኔን ነው» ብሎ ወደ ጸበል ይሮጣል። መጀመሪያ ድንገተኛ ክፍል! ጸበሉ የትም አይሄድም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። ሐኪም ቤት መሄድ እምነት ማጣት ነው የሚልህን ሰው እዚያ ምዕራፍ ላይ ላከው።

ቋንቋ ካስቸገረህ አስተርጓሚ ጠይቅ። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው። በስልክ ይሁንልኝ በል፤ አስተርጓሚው ሌላ ስቴት ሊሆን ይችላል፣ ሰፈርህን አያውቅም።

ታዲያ ለማን ትነግራለህ? ለንስሐ አባትህ፣ ለፓስተርህ፣ ወሬ ለማያወጣ ጓደኛህ። አንድ ይበቃል። ስትነግረው ግን አታድበስብስ። «ሰሞኑን ትንሽ ተቸግሬአለሁ» መናገር አይባልም። ስንት ጠርሙስ፣ በሳምንት ስንት ቀን፣ የት እንደምትደብቀው ሳይቀር ንገረው። ከወደቅክም እስኪነጋ አትጠብቅ፤ በዚያው ሌሊት ደውል። እኔ ሁለቴ ወድቄ ሁለቴም ደውያለሁ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የነገርኩት ከዚያው ነዳጅ ማደያ ደውዬ ነው። ጠርሙሱ እግሬ ስር ነበር። የንስሐ አባቴ ከእንቅልፋቸው ተነስተው አነሱት። «አባ፣ እኔ እጠጣለሁ» አልኩ። ሌላው ሁሉ ጠፋብኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው አላሉኝም።

«አሁን የት ነህ?»

ነገርኳቸው።

«መኪናውን እንዳታስነሳ። መጣሁ።»