ካንዴላውን በጣታችሁ ጀምሩት

ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው አንድ ልማድ አለ። ካንዴላ (በሞተሩ ውስጥ ብልጭታ ሰጥቶ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው) ሲቆሽሽ ነቅለን በሽቦ ብሩሽ እንፈትገዋለን፣ ጫፉን መታ መታ አድርገን ክፍተቱን እናስተካክላለን፣ መልሰን እንገጥመዋለን። ለድሮዎቹ መኪኖች ትልቅ ብልሃት ነበር። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ብዙዎቻችን የምንነዳቸው ኮሮላና ካምሪ ግን የኢሪዲየም ካንዴላ ነው ያላቸው። ጫፉ እንደ መርፌ የቀጠነ ስለሆነ ብሩሽ ይጎዳዋል፤ ክፍተቱም ከፋብሪካ ተስተካክሎ ስለሚመጣ አትነካኩት። ሲያረጅ በአዲስ ይተካል እንጂ አይታደስም።

በአብዛኞቹ የቅርብ ዘመን ቶዮታዎች የመቀየሪያው ጊዜ 120,000 ማይል ነው። በታክሲ ሥራ በዓመት 40,000 ማይል የምትነዱ በሦስት ዓመት ትደርሱበታላችሁ። እኔ የዛሬ ስድስት ዓመት አንድ ጋራዥ ስጠይቅ ለአራት ካንዴላ 340 ዶላር አሉኝ። ዕቃውን ራሴ ስገዛ 60 ዶላር እንኳ አልሞላም። በኢንተርኔት በጣም ረክሶ የሚሸጠውን ግን አትመኑት፤ የታወቁ ምርቶች ስም የተለጠፈበት አስመሳይ ካንዴላ ሞልቷል። ከመለዋወጫ መደብር ግዙ።

በአፓርታማ የምትኖሩ አስቀድማችሁ የኪራይ ውላችሁን አንብቡ፤ ብዙዎቹ በመኪና ማቆሚያው ላይ ጥገና ይከለክላሉ። ባለ ስድስት ሲሊንደር ሲየና ያላችሁ ደግሞ ይህን ሥራ ለባለሙያ ተዉት። የኋላዎቹ ሦስት ካንዴላዎች ከአየር ማስገቢያው ሥር ስለሚደበቁ ብዙ ነገር መፍታት ይጠይቃል። ባለ አራቱ ግን ከላይ ፊት ለፊት ይታያል።

ሞተሩ ፈጽሞ ይቀዝቅዝ። ይህን አጥብቄ የምናገረው ያየሁት ነገር ስላለ ነው። አንድ ወዳጄ ከሌሊት ሥራ እንደተመለሰ፣ ሞተሩ ገና እየጋለ፣ ካንዴላውን ከመጀመሪያው በቁልፍ አሽከርክሮ አስገባው። ጥርሱ ተዛንፎ ነበርና የቴስታታውን (ካንዴላው የሚገባበትን የሞተሩን ራስ) የአሉሚኒየም ጥርስ በላው። ያን ለማስጠገን ያወጣው ገንዘብ ዛሬም ያናድደኛል።

ስለዚህ አካሄዱ እንዲህ ነው። የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። በየካንዴላው ላይ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ኮይል ተሰክቷል፤ የኮይሉን ሶኬት አላቅቁ፣ በ10 ቁልፍ ቡሎኑን ፍቱ፣ ኮይሉን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡ። ካንዴላውን ከመንቀላችሁ በፊት ጉድጓዱን በአየር ንፉ፤ የወደቀ አሸዋ ሲሊንደር ውስጥ ይገባልና። አራቱንም በአንድ ጊዜ አትንቀሉ፣ አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው እለፉ። አዲሱን በካንዴላ ቡሶላ (ካንዴላውን በሚይዘው ቱቦ መሰል ቁልፍ) እና በማራዘሚያው ብቻ፣ ያለ እጀታው፣ በጣታችሁ አሽከርክሩት። ያለ ትግል ብዙ ዙር ሊገባ ይገባዋል። ከጀመረ ወዲያ ከተያዘ አትግፉት፤ መልሱና እንደገና ጀምሩ። መጨረሻ ላይ የማጥበቂያ ኃይል በሚለካ ቁልፍ፣ የመኪናው መጽሐፍ በሚያዘው ልክ አጥብቁ። ጥርሱ ላይ ቅባት አትቀቡ፤ ቅባቱ ሳይታወቃችሁ ከልክ በላይ ያስጠብቃል።

የወጡትን በቅደም ተከተላቸው አስቀምጡና ተመልከቷቸው። ጫፉ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ሞተሩ ደህና ነው። የጠቆረ ጥላሸት ቤንዚን እንደበዛ ያሳያል። ጉድጓዱ ውስጥ ዘይት ካገኛችሁ የቴስታታው ክዳን ጎማ አልቋል ማለት ነው፤ እሱንም አስቀይሩ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሞተሩ መንቀጥቀጡን ካልተወና የማስጠንቀቂያው መብራት ብልጭ ድርግም ካለ መንዳት አቁሙ፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን (የጭስ ማጣሪያውን) ያቃጥለዋል። የመኪናው ኮምፒዩተር የመዘገበውን የብልሽት ኮድ አስነብቡ፤ ብዙ የመለዋወጫ መደብሮች በነጻ ያነቡላችኋል። ፒ 0301 ከሆነ ችግሩ አንደኛው ሲሊንደር ላይ ነው። የእሱን ኮይል ከሁለተኛው ጋር አቀያይሩና ኮዱን አጥፍታችሁ እንደገና አስነሡ። ኮዱ ወደ ፒ 0302 ከዞረ ጥፋቱ የኮይሉ ነው፤ አራቱንም ሳይሆን አንዱን ብቻ ግዙ።